በማን እጅ

«ወርቅ ነው እንዴ?» አለ የሆቴሉ በር ፈታሽ የቆርቆሮ ሳጥኑን ክዳን ከፍቶ።

ሩሐማ አፏን ሳትከፍት ሩዋይዳ ቀደመቻት። «አዎ፣ ወርቅ ነው። በባጃጅ የመጣነው ሰው እንዳይነቃብን ብለን ነው።»

ፈታሹ ሳቀና ጣቱን ወደ ሳጥኑ ሰደደ። ሩሐማ ክዳኑን ገጭ አድርጋ ዘጋችበት። «ሜዳልያ ነው። የአባቴ። ፎቅ ላይ ላለው ስብሰባ ነው።»

«እነዚያ ሽማግሌዎች ጋ? ከጠዋት ጀምሮ ሁሉም ሳጥኑን እንደ እንቁላል አቅፎ ነው የሚገባው። የማንም ግን እንደዚህ አያበራም።»

የማንም እንደዚህ አያበራም። ሩሐማ ይህችን ቃል ይዛ የሆቴሉን ደረጃ ስትወጣ አንገቷ ቀና ብሎ ነበር።

ትናንት ከሰዓት ሁለቱ ጓደኛሞች ግቢ ውስጥ ቧንቧው አጠገብ ተቀምጠው ሜዳልያዎቹን አንድ በአንድ ፈትገዋቸዋል። መጀመሪያ በሎሚና በአመድ፣ ቀጥሎ በጥርስ ሳሙና፣ በመጨረሻ በአሮጌ ካልሲ። ጥቁርና ቡናማ የነበረው ሁሉ ቢጫ ሆኖ ወጣ። «እማዬ ለዒድ የምታወጣውን ሳህን መሰለ» ብላ ነበር ሩዋይዳ። ከአሥራ ሰባቱ አንዱ ብቻ ቀረ፤ የአንድ ፋብሪካ ሠራተኞች ምሳ ለመብላት ያሳዩት የነበረ፣ ቁጥር የተመታበት ትንሽ ቶክን። ሳጥኑ ውስጥ የተነጠፈው ጥጥ ሥር ገብቶ ተሰውሮባቸው ሲያገኙት ሎሚው አልቆ ነበር። ተዉት።

የሩሐማ አባት በርናባስ ከሞተ አምስት ወሩ ነው። መሃል ከተማ፣ ሁለት ደንበኛ ከቆመበት ሦስተኛው ዝናብ በሚመታበት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሰዓት ይጠግን ነበር። በዓመት ሁለት ቅዳሜ፣ ሰኔ ላይና ታኅሣሥ ላይ፣ ሱቁን ዘግቶ ነጭ ሸሚዝ ይለብስና ይህንኑ ሳጥን ይዞ ወደ ሐይቅ ዳር ይሄዳል። ሜዳልያና ቶክን የሚሰበስቡ ሰዎች ማኅበር አለው። ሊወጣ ሲል ሁልጊዜ በሩ ላይ ይቆምና «ዛሬስ ትመጪያለሽ?» ይላታል።

«አባ፣ የቆርቆሮ ማኅበር ውስጥ ገብቼ ምን ልሁን? ማግኔት?»

ይስቃል። በርናባስ ልጁ ስትሳደብ ይስቅ ነበር፤ ምላሷ ከሱ እናት የተወረሰ ነው ብሎ ያምናል።

ባለፈው ሰኔ ሲጠይቃት ግን ቀልድ አልመጣላትም። ዓይኑ ደከም ያለ መሰላትና በቀጥታ እምቢ ማለት ከበዳት። «ቱቶሪያል አለብኝ» አለችው። ቱቶሪያል አልነበረም። እሱ ወደ ስብሰባው፣ እሷ ከሩዋይዳ ጋር ወደ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ሄዱ፤ ዓሣ ጥብስ በላች፣ ፎቶ ተነሣች፣ ሳቀች። ከዚያ አንድ ወር ሳይሞላ፣ አንድ ማክሰኞ፣ አባቷ ሱቁ ውስጥ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ልቡ ቆመ። የሰው ሰዓት በእጁ ይዞ ነበር።

ባለፈው ሳምንት የማኅበሩ ጸሐፊ ለእናቷ ለወይዘሮ ሙሉጌጥ ደወሉ። ማኅበሩ አንድ ልማድ አለው አሉ። አባል ሲሞት፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ስብስቡ በራሱ ጠረጴዛ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ይደረደራል፤ ስለ እያንዳንዱ የጻፈው ከመዝገብ ይነበባል፤ ከዚያ ወደ ቤተሰቡ ይመለሳል። እናቷ ስልኩን ዘግታ «እኔ የሱን ወንበር ባዶ ማየት አልችልም» አለች።

«እኔ እወስደዋለሁ» አለች ሩሐማ። «እንደዚህ ቆሽሾ ግን አልወስደውም።»

*

አዳራሹ ትንሽ ነው። አሥራ አምስት የሚሆኑ ሰዎች ነጭ ጨርቅ በለበሱ ጠረጴዛዎች ዙሪያ ተቀምጠዋል፤ አብዛኞቹ ፀጉራቸው የሸበተ። በሰፊው መስኮት ሐይቁ ይታያል፤ ከታች ያለው ጣራ ላይ አባ ኮዳ የሚባሉት ሁለት ትልልቅ ወፎች አንገታቸውን ቀብረው ቆመዋል፣ ለቅሶ ቤት የተቀመጡ ይመስላሉ። ሁሉም ሰው ነጭ የጥጥ ጓንት አድርጓል። ሜዳልያ ሲቀባበሉ በሁለት ጣት፣ በጠርዙ ብቻ ነው።

በጠርዙ ያዢ። ሩሐማ ስድስት ዓመቷ ሳለ አባቷ እንዲህ እያለ እጇን ቀስ አድርጎ ያነሣው ነበር። እስከዛሬ ስስት መስሏት ነበር።

ቀጭን፣ ረዥም፣ ክራቫታቸው ወደ ጎን የዞረ ሽማግሌ ወደ እነሱ መጡ። «አንቺ ሩሐማ ነሽ። ሳይነግሩኝ አውቄሻለሁ፤ ግንባሩ የሱ ነው። እኔ ገብረየስ ነኝ፣ ለእናትሽ የደወልኩት።»

«እንደምን አደሩ ጋሼ። ይቺ ጓደኛዬ ናት፣ ሩዋይዳ።»

«እንኳን ደህና መጣችሁ። ኑ፣ ጠረጴዛው እዚህ ነው።»

መስኮቱ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ሁለት ወንበር ነበረው። ከአንደኛው ፊት «በርናባስ» የሚል የታጠፈ ካርድ ቆሟል። ከሁለተኛው ፊት ደግሞ ሌላ ካርድ አለ። ሩሐማ አንድ ጊዜ አነበበችው። እንደገና አነበበችው።

«ሩሐማ» ይላል።

የአባቷ የእጅ ጽሑፍ ነው፤ «ሐ»ን ሁልጊዜ እንደ ሰዓት ቆጣሪ እግሯን አስረዝሞ ነው የሚጽፋት። የካርዱ ጫፎች ተልጠዋል፣ መሃሉ ብዙ ጊዜ ከመታጠፍ የተነሣ ሊገመስ ደርሷል።

«ይሄ... ለዛሬ ነው የተጻፈው?»

«የለም፣ የለም። ሦስት ዓመት ሆኖታል» አሉ አቶ ገብረየስ። «በየስብሰባው ሲገባ መጀመሪያ የሚያወጣው እሱን ነው። 'ልጄ ዛሬ ሳትመጣ አትቀርም' ይልና ያቆመዋል። ሲሄድ መልሶ ኪሱ ይከተዋል። ሰኔ ላይ ረስቶት ሄደ። እኔ አስቀመጥኩለት።»

ሩዋይዳ ክርኗን ያዘቻት። ሩሐማ ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጥ ቆርቆሮው ተንኳኳ። ማልቀስ አልፈለገችም። በሰው ፊት ማልቀስ እንደ መሸነፍ ነው የምትቆጥረው። ያላትን ሁሉ ክብር አሰባስባ ክዳኑን ከፈተችና አሥራ ሰባቱንም በነጩ ጨርቅ ላይ ደረደረች፤ የሚያበሩትን ከፊት፣ ያልታጠበውን ቶክን ከኋላ።

መጀመሪያ ዝም ያለው አጠገባቸው ያለው ጠረጴዛ ነው። ቀጥሎ የሚቀጥለው። አንድ ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ስለ ጨርቅ ነጋዴው ወንድማቸው የጀመሩትን ቀልድ መሃሉ ላይ አቋረጡት። የሁሉም ዓይን ሜዳልያዎቹ ላይ ነበር። ሩሐማ አደነቁ ብላ አሰበች። ለአንዲት አጭር ደቂቃ እንዲያ ብላ አመነች።

አንዲት ሴት ግን፣ እትዬ አልማዝ የሚሏቸው፣ ጡረታ የወጡ ነርስ፣ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ነበር።

አቶ ገብረየስ ትልቁን መዝገብ ገለጡ፣ መነጽራቸውን አስተካከሉ፣ ማንበብ ጀመሩ። ድምፃቸው መምህር እንደነበሩ ያስታውቃል።

«ቁጥር አንድ። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሜዳልያ። ያገኘሁት ከእናቴ። ዱራሜ አጠገብ በዛፍ ሥር ሃምሳ ሁለት ሰው ማንበብ አስተምራ የተሰጣት ነው። ካረጀች በኋላ ማታ ማታ እጇ ውስጥ ይዛው ትቀመጥ ነበር። ሁኔታው፦ እንደ ዕድሜው። ፊቱ ጠቁሯል። በስተግራ በኩል ጥቁረቱ ተበልቶ ነጣ ያለው ቦታ የእናቴ አውራ ጣት ነው። እንዲሁ ይቆይ።»

አቶ ገብረየስ ጓንታቸውን አድርገው ሜዳልያውን በጠርዙ አነሡት። ወደ መስኮቱ አዞሩት። ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ ቢጫ ነው። ነጣ ያለ ቦታ የለም። የተበላ ቦታም፣ የጠቆረ ቦታም የለም። መልሰው አስቀመጡት።

«ልጄ» አሉ እትዬ አልማዝ በለሆሳስ። «ይሄ ያልነበረ ነው።»

«ምኑ?»

«ማብራቱ። ያ ጥቁረት ቆሻሻ አልነበረም እኮ። ዕድሜው ነው። ብረቱ ራሱ ዓመት እየቆጠረ የሚለብሰው ቆዳ ነው። አንዴ ከተፋቀ የሚመልሰው የለም። እኛ ጋ የመጀመሪያው ሕግ አለመወልወል ነው፤ እኔን ራሴን ያስተማረኝ አባትሽ ነው።»

ሩሐማ ፊቷ ጋለ። ጆሮዋ ውስጥ የቧንቧው ውኃ ድምፅ ተሰማት። ትናንት ያን ሜዳልያ ስትፈትግ በስተግራ በኩል ያለው ነጣ ያለ ቦታ ከዙሪያው ጋር አልመሳሰል ብሏት፣ ጥርስ ሳሙና ጨምራ ነበር። ሲመሳሰል ደስ ብሏት ነበር።

«የምጠይቅሽ መዝገቡ ስለሚያስገድደኝ ነው» አሉ አቶ ገብረየስ፣ ቀይ እስክሪብቶ ከደረት ኪሳቸው እያወጡ። «አንድ ዕቃ ከተወለወለ እንጽፋለን። በማን እጅ እንደተወለወለም እንጽፋለን። ወደፊት የሚያየው ሰው ማወቅ አለበት። በማን እጅ ነው?»

አሥራ አምስት ፊት። ከኋላዋ የሩዋይዳ ትንፋሽ። ከፊቷ የራሷ ስም በአባቷ እጅ ተጽፎ። ሩሐማ በክፍሏ ውስጥ መልስ አጥታ አታውቅም፤ መምህር ሲያፋጥጣት እንኳ አንድ ነገር አይጠፋትም። አሁንም አልጠፋትም።

«አባቴ ነው» አለች። «ሳይሞት በፊት።»

«በርናባስ?» አሉ ወፍራሙ ሰው። «የቱ በርናባስ? የኔን ሰዓት ሲከፍት ትንፋሹን የሚይዘው በርናባስ?»

«ዩኑስ» አሉ እትዬ አልማዝ።

«አይ፣ ልወቅ ብዬ ነው። እኔ አንድ ጊዜ ጓንት ሳላደርግ አንዱን ብነካበት ሁለት ሳምንት ያላናገረኝ ሰው እኮ ነው!»

«ሰው ሲታመም ራሱን ላይሆን ይችላል» አሉ እትዬ አልማዝ፤ ለሩሐማ አዝነው ነው የሚናገሩት። «ስንት አይቻለሁ። ሰውነቱ ከመውደቁ በፊት አእምሮው ይደክማል። ሳናውቅለት ደክሞ ነበር ማለት ነው። ብቻውን ቁጭ ብሎ ሲፈትግ... የእናቱን ጣት ሲያጠፋ... ወይኔ።»

የአቶ ዩኑስ ሳቂታ ፊት ቀስ በቀስ እንደ ጨርቅ ተጨማደደ። «በሐምሌ አንድ ቀን በሱቁ በር አልፌ ነበር» አሉ። «ቸኩዬ ነበር። እጄን ብቻ አውለብልቤለት አለፍኩ።»

አቶ ገብረየስ ጻፉ። ቀይ ቀለሙ ወረቀቱ ላይ ሲንቀሳቀስ ሁሉም ሰማው። *ተወልውሏል። በማን እጅ፦ በርናባስ።* ቀጥለው ቁጥር ሁለት። ቁጥር ሦስት። አሥራ ስድስት ጊዜ ያንኑ ጻፉ፤ በየመሃሉ አባቷ በሰማያዊ ቀለም በጥንቃቄ የደረደራቸውን ቃላት እያነበቡ፤ በየቃሉ መጨረሻ «እንደ ዕድሜው»፣ «እንደ ዕድሜው»፣ «እንደ ዕድሜው»። ቶክኑ ላይ ሲደርሱ ብቻ እስክሪብቶውን ዘጉት።

ሩሐማ ስሟ የተጻፈበትን ካርድ በአንድ ጣት ገፋችው። በፊቱ ተደፋ።

*

ለሻይ ተብሎ ሲነሡ ሩሐማ ወደ በረንዳው ወጣች። ሩዋይዳ ተከተለቻት። ከታች ሐይቁ አመዳም ነው፤ አንዲት ጀልባ ማንም ሳይኖርባት እየዞረች ትንሳፈፋለች።

«እንሂድ» አለች ሩሐማ። «አልቋል። ሳጥኑን ይዘን ላሽ እንበል።»

ሩዋይዳ የበረንዳውን ብረት ይዛ ዝም አለች። ሩዋይዳ ዝም ስትል ነገር አለ ማለት ነው።

«ምን?»

«ምንም።»

«ምን ሆነሻል፣ አቦ ተናገሪ!»

«እኔም ፈትጌያለሁ» አለች ሩዋይዳ። «ስድስቱን እኔ ነኝ የፈተግኩት። የኔን ስም ብትናገሪ ኖሮ አልቀየምሽም ነበር። አባትሽን ለምን?»

«እሱ አይሰማም።»

«እሱማ አይሰማም። እነሱ ግን ሰምተዋል።»

ሩሐማ የምትመልሰው ፈለገች። ምላሷ ላይ ስለታም ነገር መጣ፤ ስለ ሩዋይዳ፣ ስለ ካልሲው፣ ስለ ዒዱ ሳህን። በዚያው ቅጽበት የበረንዳው በር ተከፍቶ አቶ ዩኑስ ሁለት ለስላሳ በአንድ እጃቸው አንጠልጥለው ብቅ አሉ።

«ያዙ። ሽማግሌዎች የሚጠጡት ሻይ ለልጅ አይሆንም፤ ስኳር ከልክለውናል።» ጠርሙሶቹን ሰጧቸውና የበረንዳውን ብረት ተደገፉ። ዓይናቸው ቀልቷል። «ልጄ፣ እዚያ ውስጥ ጮኼ ከሆነ ይቅር በይኝ። ድንገት ሆኖብኝ ነው። አባትሽን... እኔ አባትሽን እወደው ነበር።»

«ምንም አይደል ጋሼ።»

«እስቲ የሚያስቅ ነገር ልንገርሽ፤ እኔም ይውጣልኝ።» ለመሳቅ ሞከሩ። «ሰኔ ላይ ለስብሰባው ስንመጣ ከሱ ጋር አንድ ባጃጅ ነበርን። አሞራ ገደል በር ጋ መኪና ዘግቶን ቆምን። ዞር ስል፣ አንቺና ይቺ ጓደኛሽ! ዓሣ ይዛችሁ፣ አንደኛችሁ በሌላዋ ትስቃላችሁ። 'በርናባስ፣ ያቺ ልጅህ አይደለችም እንዴ? ልውረድና ልጥራት' አልኩት። ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ?»

ሩሐማ ጠርሙሱን ጨብጣ ቆመች።

«'የኔ ልጅ ቱቶሪያል ላይ ናት' አለኝ። እያያት! 'ሰውዬ፣ ዓይንህ ነው ዓይኔ?' ብለው፣ 'ዩኑስ፣ ቱቶሪያል ላይ ናት አልኩህ' አለ። ባጃጁ ሲነሣ አንገቱን ወደ ኋላ አዙሮ እስክትጠፊ አየሽ። 'እንዴት እንደምትስቅ እየው' አለኝ፤ ያችን ብቻ። እዚህ ገብቶ ደግሞ ካርዱን አቁሞ፣ 'ልጄ ዛሬም ትምህርቷን አስቀድማ ነው' እያለ ለሁሉም ሲኮራ፣ እኔ ብቻ ነኝ በሳቅ ልፈነዳ የደረስኩት።»

«አልተናገሩበትም?»

«ምን ብዬ? አባት ስለ ልጁ ያለውን አለ። አለቀ።» አቶ ዩኑስ መሐረባቸውን አውጥተው ፊታቸውን ጠረጉ። «እንደዚያ ያለ ሰው አእምሮው ሲከዳው አጠገቡ አንድ ሰው አልነበረም። ይሄ ነው የሚያበግነኝ። አሁን ሰዎች ባስታወሱት ቁጥር ያንን ይሆናል የሚያነሡት፤ 'ምስኪን፣ መጨረሻ ላይ እኮ...' ነው የሚሉት።» ንግግሩን አልጨረሱትም። ትከሻዋን መታ መታ አደረጓትና ገቡ።

አንደኛው አባ ኮዳ ከጣራው ተነሥቶ፣ ከባድ ክንፉን እያርገበገበ፣ ወደ ዓሣ ገበያው አቅጣጫ ሄደ። ሩሐማ ከዓይኗ እስኪጠፋ አየችው። አባቷ አንገቱን አዙሮ ሲያያት ታያት። እሷ ያኔ ምን ላይ ነበር የምትስቀው? ልታስታውሰው ሞከረች። ምንም አልመጣላትም። ምናልባት በአንድ ፎቶ ላይ። ምናልባት በአንድ ሰው ጫማ ላይ።

ሩዋይዳ ያልተከፈተውን ለስላሳ ከሩሐማ እጅ ወሰደችላት።

*

አዳራሹ ውስጥ ሰዎቹ ዕቃቸውን ወደየሳጥናቸው እየመለሱ ነበር። የጓንቶቹ ነጭ ጣቶች ከጠረጴዛ ወደ ጥጥ፣ ከጥጥ ወደ ጠረጴዛ ይመላለሳሉ። አቶ ገብረየስ መዝገቡን ሊዘጉ እጃቸውን ሽፋኑ ላይ አድርገዋል።

«ጋሼ ገብረየስ፣ አይዝጉት።»

ቀና አሉ።

«እኔ ነኝ» አለች ሩሐማ። ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ጮኾ ወጣ፤ ዝቅ ልታደርገው ፈልጋ አልቻለችም። «አባቴ አልነካቸውም። አእምሮውም አልደከመም፤ የሞተ ዕለት እንኳ የሰው ሰዓት እየጠገነ ነበር። የፈተግኋቸው እኔ ነኝ። ትናንት ከሰዓት። በሎሚና በአመድ።»

«በጥርስ ሳሙናም» አለች ሩዋይዳ ከኋላዋ። «እኔም ነበርኩበት።»

ማንም አልሳቀም። አቶ ዩኑስ ክዳን ሊዘጉ ያነሡትን እጃቸውን በአየር ላይ ተዉት። እትዬ አልማዝ ወንበራቸው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ፤ ፊታቸው ላይ ያለው ቁጣ ነው ወይስ እፎይታ ሩሐማ መለየት አልቻለችም። ሁለቱም ሊሆን ይችላል።

«ይሰርዙት» አለች። «ስሙን ይሰርዙት፣ እባክዎ።»

አቶ ገብረየስ ለረዥም ጊዜ አዩዋት። ይቆጡኛል ብላ ጠበቀች፤ አልተቆጡም። አይዞሽም አላሉም። «እዚህ መዝገብ ላይ ስርዝ ድልዝ የለም» አሉ። «ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ቃል ተሰርዞ አያውቅም። የተጻፈ ተጽፏል።»

ሩሐማ ዓይኗን ወደ ቀዩ ጽሑፍ አወረደች።

«ከሥሩ ግን ማረሚያ ይጻፋል። የሚጽፈው ደግሞ እኔ አይደለሁም፤ ባለቤቱ ነው። ከነቀኑ፣ ከነስሙ።» መዝገቡን ወደ እሷ አዞሩና ቀዩን እስክሪብቶ መሃሉ ላይ አስቀመጡት። «አሥራ ስድስት ነው። ጊዜ ይወስዳል። ማናችንም አልቸኮልንም።»

ሩሐማ ሁለቱን ወንበሮች አየች። ሁለተኛውን ስባ ተቀመጠች። ወረቀቱ ላይ የአባቷ ሰማያዊ ቀለም ከላይ ነው፤ *እንዲሁ ይቆይ*። ከሥሩ ቀዩ ሐሰት። ከሱ ሥር አንዲት ጠባብ ባዶ መስመር አለች፤ ለሷ እንደተተወች ያህል።

«ቀኑ መጀመሪያ ነው የሚጻፈው?» ብላ ጠየቀች።

«መጀመሪያ ቀኑ። ከዚያ የሆነው። ከዚያ ስም።»

ጻፈች። *ከላይ የተጻፈው እውነት አይደለም። የተወለወለው በሩሐማ በርናባስ እጅ ነው።* የራሷን ስም ስትጽፍ «ሐ» እግሯ ረዝሞ ወጣ። ከአባቷ እንደወሰደችው እስከዛሬ አላስተዋለችም ነበር።

ቀና ስትል የአያቷ ሜዳልያ ከፊቷ ነው። ያበራል። እንደ መስታወት አጥርቶ የሷን ግንባር ያሳያል፤ በስተግራ በኩል ግን ምንም የለም፤ መቼም አይኖርም። እንባዋ መጣ። አሁን አልታገለችውም፤ ወረቀቱ ላይ እንዳይወድቅ ብቻ ራሷን ወደ ኋላ አለች።

አጠገቧ አንድ ነገር ጨርቁ ላይ ተቀመጠ። እትዬ አልማዝ ያወለቁት የራሳቸው ጓንት ነው። ተመልሰው ሄዱ።

ሩሐማ ጓንቱን አደረገች፤ ትንሽ ይሰፋታል። ያልታጠበውን ቶክን በሁለት ጣቷ፣ በጠርዙ አነሣችና ጥጡ ላይ መልሳ አስቀመጠችው። ከዚያ ወደ ሁለተኛው መስመር ከመውረዷ በፊት፣ የተደፋውን ካርድ አንሥታ አቆመችው።